ባለጭንቅላቷ

ባቡሩ መጨረሻው ጣቢያ ደርሶ ተሳፋሪው እየተገፋፋ ሲወርድ፣ ከኋላዋ አንድ ድምፅ ተከተላት።

«እህት! ኧረ እህት! ጭንቅላትሽን ጥለሽው ሄድሽ!»

ዞር አለች። እሷ ብቻ ሳትሆን በአካባቢው የነበረ ሰው ሁሉ አብሯት ዞረ። ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሰ ረጅም ወጣት፣ ነጭ የፕላስቲክ አንጎል እንደ ሕፃን ታቅፎ በሰው መሀል እየተሽሎከሎከ ይመጣል።

የያዘችውን የወረቀት ከረጢት ቁልቁል አየችው። ሥሩ ተቀዷል። አንጎሉ መቼ አምልጧት ከመቀመጫ ሥር እንደተንከባለለ አላወቀችም።

«ይቅርታ» አለች ፊቷ በእፍረት እየቀላ። «የኔ አይደለም። ማለቴ... የኔ ነው፤ ግን የሌላ ሰው ጭንቅላት ነው።»

«እንዲህ ስትይኝ ደግሞ ጭራሽ ፈራሁሽ።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሱም ሳቀ።

«ባቡሩን የምነዳው እኔ ነኝ» አላት። «ሰው የማይረሳው ነገር የለም። ጃንጥላ፣ ጫማ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝቻለሁ። ጭንቅላቱን ረስቶ የወረደ ሰው ሳይ ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

«ለሐኪሞች ማሳያ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የሠራሁትን በእጃቸው ይዘው እንዲያዩት።»

«አንጎል ነው የምትሠሪው?»

«የአንጎል ሞዴል።»

አንጎሉን አገላብጦ አየና የምሳ ዕቃውን ከቦርሳው አውጥቶ በብብቱ ያዘ። ባዶውን ቦርሳ ከፍቶ አንጎሉን በጥንቃቄ አስገባላት።

«ቦርሳውን ነገ ትመልሽልኛለሽ» አለ። አስተያየቱ ግን ለቦርሳው የተጨነቀ ሰው አስተያየት አልነበረም።

በማግስቱ ቦርሳውን መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ፣ ባቡሩ ወደ ጣቢያው ሲገባ ከነጂው መስኮት አንድ እጅ ብቅ ይላል። እሷም እጇን ታነሳለች። ሲያገኛት «ባለጭንቅላቷ፣ ዛሬ የረሳሽው የለም?» ይላታል። ስሟን ከማወቁ በፊት ስም አወጣላት።

ሥራዋ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የአንጎል ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ሐኪም አይደለችም፤ መሐንዲስ ናት። አብራት የምትኖረው ፀጉር ሠሪዋ ታላቅ እህቷ፣ ለደንበኞቿ ሥራዋን ማስረዳት ሲያቅታት «ኮምፒውተር ትጠግናለች» ብላ ትገላገላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መድኃኒት እምቢ ያላቸው፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥባቸው ሰዎች ሲመጡ ቀዶ ሐኪሙ አንጎላቸው ውስጥ እጅግ ቀጭን ሽቦ ያስቀምጣል። ሽቦው ከደረት ቆዳ ሥር ከተቀመጠች ትንሽ ባትሪ ኤሌክትሪክ ይቀበላል። ኤሌክትሪኩ የት ድረስ እንደሚደርስ፣ የትኛውን መስመር እንደሚያረጋጋና የትኛውን እንደሚረብሽ ታካሚው ሳይነካ በኮምፒውተር አስልታ የምትናገረው እሷ ናት። ይህን ሥራ በሆስፒታሉ ያስጀመረችውም እሷ ናት። ስለዚህ በኮሪደሩ ስትሄድ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የክፍሉ በር ተንኳኳና ባቡር ነጂው ገባ። ክንዱን ይዘው አብረውት የገቡት ሴት እናቱ ነበሩ።

እሱና መሐንዲሷ ደንግጠው ተያዩ። እሱ ቀድሞ ፈገግ አለ።

እናቲቱ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ሻርፓቸውን በወጉ ያሰሩ ሴት ናቸው። ቀኝ እጃቸው ግን አንድ አፍታ አያርፍም። ግራ እጃቸው ቢይዘውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ገና አፋቸውን ከፍተው «እንደምን ዋላችሁ» ሲሉ መሐንዲሷ ከወንበሯ ተነሳች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ተማሪ ሳለች በየቀኑ ባቡር የምትጠብቀው ይህን ድምፅ እየሰማች ነው። ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የባቡሩን መነሻና መድረሻ በድምፅ ማጉያ ያስታውቁ የነበሩት እኚህ ሴት ናቸው።

«አንቺ ነሽ አሉ የኔን ጭንቅላት ኮምፒውተር ውስጥ የምትከቺው?» አሏት።

«አዎ እማማ። ከኤም አር አይ ፎቶው ተነስቼ።»

«ከገባሽ አይቀር እስቲ የጓዳውን ቁልፍ የት እንዳኖርኩት ፈልጊልኝ።»

ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሳይቀሩ ሳቁ። ፕሮፌሰሩ ሽበታም፣ ቁጥብ፣ በእጃቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ ለመሳቅ አይቸኩሉም።

መሐንዲሷ ወንበሯን ወደ እናቲቱ አስጠግታ የአንጎሉን ምስል በኮምፒውተሩ ላይ አሳየቻቸው። «እጅዎን የሚያስቸግርዎት መስመር ይኸውልዎ፣ እዚህ ጋ ነው። ትንሽ ኤሌክትሪክ ስንሰጠው ይረጋል። ችግሩ ጎረቤቱ ነው። ምላስና አንደበት የሚታዘዙበት መስመር ከአጠገቡ ያልፋል። ኤሌክትሪኩ ወደዚያ ከፈሰሰ አንደበት ይኮላተፋል። የሰው አንጎል ደግሞ እንደ መልኩ ነው፤ የአንዱ ከአንዱ ይለያል። ለዚህ ነው የእርስዎን ለብቻው የምሠራው።»

እናቲቱ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አዩት። «በዚህ እጅ ውኃ መጠጣት አቅቶኛል። ልጄ ነው እንደ ሕፃን የሚያጠጣኝ። ቢሆንም ልንገርሽ፤ ድምፄን የሚነካብኝ ከሆነ እጄ እንዳለ ይቅር።»

ሲወጡ ባቡር ነጂው እናቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። በሩ ላይ ቆመው ተነጋገሩ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ድምጿስ?»

«የምናስገባው ሽቦ ጫፉ ላይ በሦስት አቅጣጫ የሚከፈቱ መውጫዎች አሉት። ኤሌክትሪኩን ፊቱን አዙረን ከድምፅ መስመሩ እናርቀዋለን።»

«ትገምቻለሽ ወይስ ታውቂያለሽ?»

«አስልቻለሁ» አለች አገጯን ቀና አድርጋ።

ያ ኩራቷ ደስ አለው። ዓይኖቿን ትክ ብሎ አያቸው፤ እሷም አላሸሸቻቸውም። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ቀን ከዚህ ቤት ውጭ፣ እንደ ሰው ቁጭ ብለን ብናወራስ?» አላት።

መልሷ ከልቧ ጋር ተጣላ። «አይሆንም» አለች። «እናትህ እዚህ ታካሚ ናቸው። ስለ እሳቸው ሳስብ ሌላ ነገር እንዲገባብኝ አልፈልግም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

ጫማዋን አየች። ኮሪደሩን አየች። «ከዚያ በኋላ ጠይቀኝ።»

«መጠበቅ ሥራዬ ነው» አለና ቆቡን ነካ አድርጎ ሄደ።

ያን ምሽት እህቷ ፀጉሯን እየሠራችላት በመስታወቱ አየቻትና፣ «ምን ሆነሽ ነው ለብቻሽ ፈገግ የምትዪው?» አለቻት።

«ምንም።»

«ይኼ ምንም ረጅም ነው አጭር?»

«ረጅም» አለችና ፊቷን በፎጣው ሸፈነች።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ቁስሉ ደርቆ ባትሪዋ የምትከፈትበት ቀን ሲደርስ ክፍሉ በሰው ሞላ። ወጣት ሐኪሞች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። መሐንዲሷ ኤሌክትሪኩን ቀስ እያለች ከፍ ስታደርግ፣ ለዓመታት ያላረፈው እጅ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። እናቲቱ ጣቶቻቸውን ዘረጉ። እጃቸው በአየር ላይ ረጋ ብሎ ቆመ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ባቡር ነጂው ከአጨብጫቢዎቹ መሀል መሐንዲሷን ፈልጎ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ያየችው ምስጋና ሙሉ ሰውነቷን አሞቀው።

ከዚያ እናቲቱ ለማመስገን አፋቸውን ከፈቱ።

የወጣው ድምፅ የሳቸው አልነበረም። ቃላቱ ተድበልብለው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ወጡ። ደግመው ሞከሩ። የባሰ ሆነ። ጭብጨባው ቆመ።

መሐንዲሷ በስሌቷ መሠረት ኤሌክትሪኩን ከድምፅ መስመሩ ራቅ አደረገችው። መሻል ሲገባው ምላሳቸው ይበልጥ ከበደ፤ አውራ ጣታቸውንም እንደነዘራቸው በምልክት ነገሯት። ቀነሰችው፤ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጨመረችው፤ አንደበታቸው ተያዘ። ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ታካሚው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል» አሉ።

እናቲቱ የመረጡት አስቀድመው ነው። በእጃቸው «ዝጉት» ብለው አመለከቱ። ባትሪዋ ስትዘጋ ድምፃቸው ተመለሰ፤ እጃቸውም እንደ ቀድሞው ይርገፈገፍ ጀመር። ሻርፓቸውን ለማሰር ታገሉ። ልጃቸው አሰረላቸው። ከዚያ ወደ መሐንዲሷ ዞረ።

«አስልቻለሁ ብለውኝ ነበር» አላት።

ብለውኝ። ከዚያች ደቂቃ በፊት አንቺ ነበረች።

«ነገ ተነጋግረን...»

«እናቴ የመሞከሪያ ዕቃ አይደለችም። ይበቃታል። ስለ ድካምዎ እናመሰግናለን።»

ሲወጣ በሩን ወርውሮ አልዘጋም፤ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ያ ቀስ ማለቱ ከጩኸት ይልቅ ጎዳት።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ባቡሩ ሲገባ ከመስኮቱ የሚወጣ እጅ የለም። አውቶቡስ መያዝ ትችል ነበር። አላደረገችውም። ያንኑ ባቡር፣ በዚያው በር፣ ራሷን ቀና አድርጋ ትሳፈር ነበር። ሥራ ገበታዋ ላይ ደርሳ በሯን ከዘጋች በኋላ ግን ቀና ያለው አንገት ይደፋል።

«ይቅርታ ጠይቂውና ይውጣልሽ» አለቻት እህቷ።

«ይቅርታ የእናቱን አንደበት አይመልስም። የት ጋ እንደተሳሳትኩ ሳላውቅ ይቅርታ ብለው ባዶ ቃል ነው።»

«ምናልባት ሞዴልሽ አይሠራ ይሆናላ!»

እህቷ ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። ሆስፒታሉ ውስጥም አንዳንዶች ይህንኑ በሹክሹክታ ይሉት ነበር፤ ሞዴል ሞዴል ነው፣ ሰው ሰው ነው፣ እያሉ። እሷ ግን በሥራዋ ታምናለች። ሞዴሉ የነገራትና የእናቲቱ ሰውነት የነገራት ካልተስማሙ፣ ከሁለት አንዱ የተሳሳተ ነገር ተነግሮታል ማለት ነው። የእናቲቱ ሰውነት ሊዋሽ አይችልም። ስለዚህ ለሞዴሉ ስህተት የነገረችው እሷ ናት። ምኑን?

የሽቦውን ጥልቀት ለወጠች፤ አልገጠመም። የኤሌክትሪኩን መጠን ደግማ መረመረች፤ አልገጠመም። የነርቮቹን መስመር ከአዲስ ሠራች፤ አሁንም አልገጠመም። አውራ ጣታቸውን የነዘራቸው ነገር ሌት ተቀን ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። የሽቦው መውጫ ወደ ጣት መስመር ፊቱን ካላዞረ በቀር ሊነዝር አይችልም።

ፊቱን ካላዞረ በቀር!

ሁሉም ሰው፣ እሷም ጭምር፣ የመውጫዎቹን አቅጣጫ የሚያሳየው የሽቦው ምልክት ወደ ፊት ለፊት እንደሚያይ አድርጎ ነው የወሰደው። ሲቀመጥ እንደዚያ ነበር። ከራስ ቅል ጋር ሲታሰር ግን ተጠምዝዞ ቢሆንስ? በኮምፒውተሯ ውስጥ ሽቦውን ትንሽ በትንሽ ታዞረው ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ የተኮላተፈው አንደበት፣ የከበደው ምላስ፣ የነዘረው ጣት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ልክ መጣ። ኤሌክትሪኩን ከድምፁ መስመር አራቅን ሲሉ፣ ወደ ድምፁ እየገፉት ነበር።

ብድግ አለች። እጆቿን አፏ ላይ ጭና፣ ብቻዋን ባለችበት ክፍል ውስጥ፣ «እማማ፣ እርስዎ ልክ ነዎት!» አለች።

ፕሮፌሰሩን ያገኘቻቸው እጃቸውን ሲታጠቡ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ሽቦው ተጠምዝዟል።»

ቧንቧውን ዘጉት። «በእነዚህ እጆች ነው ያስቀመጥኩት።»

«ቦታው ልክ ነው። የፀጉር ያህል አልሳቱም። የዞረው ፊቱ ነው።»

«ኮምፒውተርሽ ነገረሽ?»

«ኮምፒውተሩም ነግሮኛል፤ እማማም ነግረውኛል።»

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አደረቁ። ከዚያ ከጋዋናቸው ኪስ ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥተው ሰጧት። «እንግዲያው ሲቲ ስካን ይነሱ። ግን ምን እንደምናይ አስቀድመሽ ሳዪልኝ። ካየን በኋላ መናገር ለማንም ቀላል ነው።»

ክብ ሠራች። በክቡ ውስጥ ወደ ኋላና ወደ ጎን ያዘነበለ ቀስት ሠራች። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

የቀረው ከባዱ ነበር፤ የባቡር ነጂው ቤት።

በሩን ራሱ ከፈተው። የደንብ ልብሱን አልለበሰም፤ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ዕቃ እያጠበ ነበር። ሲያያት ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«ምን ልርዳዎት?»

«አንተ እኔን እርስዎ ስትለኝ አልሰማም» አለችው። «እናትህን ማነጋገር እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ።»

«ሌላ ስሌት አለ?»

«አለ። የበፊቱ ለምን እንደከሸፈም አውቄያለሁ። ያኔ በእርግጠኝነት ባልነገርኩህ ጥሩ ነበር። አሁን በእርግጠኝነት የምነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካልሆነ እናትህ አሁን ካሉበት አይብሱም። ባትሪውን ዘግተን ድምፃቸውን ይዘው ይወጣሉ።»

«አይተሻታል አይደል ያን ቀን?» አላት። «እርስዎ» ማለቱን እንደተወው አላወቀም። «ሻርፓን ማሰር አቅቷት ስትታገል... እናቴን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ደግሜ ማየት አልችልም።»

«እኔም አልችልም» አለች። «ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ከውስጥ ያ የታወቀ ድምፅ መጣ። «በር ላይ ቆማችሁ ስለኔ ጭንቅላት ከምትማከሩ ለባለቤቱ ብትነግሩኝ ምን ይላችኋል?»

እናቲቱ ሳሎን ተቀምጠዋል። ጠረጴዛቸው ላይ ክዳን ያለው የሕፃን ኩባያ አለ። መሐንዲሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉንም አስረዳቻቸው። የጣታቸው መንዘር እንዴት መንገዱን እንዳሳያት ስትነግራቸው አቋረጧት።

«ማለት፣ እኔ ነኝ ያገኘሁት?»

«ሁለታችን ነን፣ እማማ።»

እናቲቱ ደስ አላቸው። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «ብስክሌት ስትለምድ ወድቀህ ጉልበትህ ሲላጥ፣ ብስክሌቱን ሸጥኩብህ? ተነስና ደግመህ ንዳ ነው ያልኩህ። ዛሬ ለኔ ሲሆን ምን አስፈራህ?»

«እማዬ፣ ብስክሌትና አንጎል አንድ ነው እንዴ?»

«ፍርሃቱ አንድ ነው። ጫማዬን አምጣልኝ።»

«ዛሬ እኮ አይደለም!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። ተያዩ። ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አፋቸው ላይ መጣ፤ ሁለቱም ግን ዋጡት።

ሲቲ ስካኑ የተነሳ ዕለት ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ዘርግተው፣ ከምስሉ አጠገብ ያዙት። በምስሉ ላይ ያለው ምልክትና በወረቀቱ ላይ ያለው ቀስት አንድ ወገን ያያሉ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ። ከዚያ በኮሪደሩ የሚያልፉትን ወጣት ሐኪሞች ጠሯቸው።

«ኑ እዩ» አሏቸው። «ይህን የሣለችው ምስሉ ከመነሳቱ በፊት ነው። ከእንግዲህ ይህች ልጅ ስትናገር እኔም ዝም እላለሁ፤ እናንተም ዝም በሉ።»

ባትሪዋ እንደገና ተከፈተች። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አጨብጫቢ አልተጠራም። መሐንዲሷ ኤሌክትሪኩን በትክክለኛው ወገን ሰደደችው። እጁ ቀነሰ። ረጋ። ጸጥ አለ። ባቡር ነጂው የወንበሩን ጠርዝ ይዞ ወለሉን ያያል። «ድምፅዎስ?» ብሎ ለመጠየቅ የደፈረ ሰው ጠፋ።

እናቲቱ እስኪጠየቁ አልጠበቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጀርባቸውን አቀኑ።

«ክቡራንና ክቡራት መንገደኞቻችን፣ ባቡሩ አሁን ይነሳል። ዕቃችሁን እንዳትረሱ በአክብሮት እናሳስባለን።»

እያንዳንዷ ቃል እንደ ብርጭቆ ጥርት ብላ ወጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት ሳያስቡት ቦርሳቸውን አንስተው ብድግ አሉ። ከዚያ የት እንዳሉ ትዝ ሲላቸው ተመልሰው ተቀመጡና፣ «ድምጿን ባውቀው ነው እኮ!» እያሉ ሳቁ።

እናቲቱ ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ጠርሙስ ውኃ ቀዱ። ራሳቸው ቀዱ። ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ጠጥተው ሲጨርሱ ልጃቸው ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፊቱን ጠርጎ ሲመለስ ወደ መሐንዲሷ ሄደ። ብዙ ሊናገር የፈለገ ይመስል ነበር።

«አንቺ» አላት።

ሌላ ቃል አልጨመረበትም። እሷም ሌላ አልጠበቀችም።

ያም ሆኖ «ከዚያ በኋላ ጠይቀኝ» ያለችው ጥያቄ ገና አልተጠየቀም። እናቲቱ ለክትትል ይመላለሱ ነበር፤ መሐንዲሷም ቃሏን አላጠፈችም። ከመስኮቱ የሚወጣው እጅ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። እጇን ስታነሳለት አጠገቧ የቆሙት ተሳፋሪዎች ፈገግ ማለት ጀመሩ።

ከብዙ አገር የመጡ ሐኪሞች የሚሰበሰቡበት ትልቅ ጉባኤ ሲደርስ ፕሮፌሰሩ የመናገር ተራቸውን ለቀቁላት። «ያገኘችው ታቅርበው» አሉ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እህቷ ከፊት ረድፍ፣ ሁለት ደንበኞቿን ይዛ ተቀምጣለች፤ «ኮምፒውተር ትጠግናለች ያልኳችሁ ይህችው ናት» ትላቸዋለች ደጋግማ። ባቡር ነጂው ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

መሐንዲሷ ተናገረች። የእያንዳንዱ ሰው አንጎል በኮምፒውተር ሲሠራ ምን እንደሚያሳይ፣ ሽቦ ሲጠመዘዝ ሞዴል እንዴት እንደሚደርስበት፣ ሞዴል ከታካሚው ቃል ጋር ሳይስማማ ሲቀር ለምን ታካሚውን መስማት እንደሚገባ ተናገረች። ስትጨርስ ጭብጨባው እንደ ዝናብ ወረደ። ከጭብጨባው ሁሉ ግን የሰማችው ከበሩ አጠገብ ያለውን ነው።

ቀጥሎ እናቲቱ ጥቂት እንዲናገሩ ተጋበዙ። እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ በቀኝ እጃቸው ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ብርጭቆውን አስቀመጡና ወደ ድምፅ ማጉያው ቀረቡ። ይህ ዕቃ የድሮ ወዳጃቸው ነው፤ ምን ያህል መራቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

«ልጆቼ» አሉ፤ «አንዳንዶቻችሁ በኔ ድምፅ ባቡር ተሳፍራችሁ ነው ትምህርት ቤት የሄዳችሁት። ይህን ድምፅ ዛሬ የምትሰሙት ይህች ልጅ ስለተከራከረችለት ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ክትትሌን ሌላ ባለሙያ ይዞልኛል። ለምን እንደቀየርኩ ልጄ ያውቃል። በሉ እንግዲህ ልብ ብላችሁ እዩአት። ምራቴ ናት።»

አዳራሹ በጭብጨባና በሳቅ ተናወጠ። እህቷ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ፕሮፌሰሩ ወደ መሐንዲሷ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«እውነት ነው?»

«ገና አልጠየቀኝም» አለች ፊቷን በእጇ ይዛ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ተነስታ በወንበሮቹ መሀል ወደ በሩ ሄደች። ባቡር ነጂው ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ወደ ኮሪደሩ ሸሽቷል። ግድግዳውን ተደግፎ አገኘችው።

«በእናቴ ስም ይቅርታ» አላት ቆቡን ሳያነሳ። «ሳልጠይቅሽ አስታወቀችብኝ።»

ቆቡን አነሳችለት። ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ፤ ግን ይስቁ ነበር።

«እናትህ በሥራ ዘመናቸው» አለችው፣ «ያልመጣ ባቡር መጣ ብለው አስታውቀው ያውቃሉ?»

«በጭራሽ። አንድ ቀን እንኳ።»

«እንግዲያው ዛሬ አላሳፍራቸውም።»

እጇን ያዘ። እሷም ጣቶቿን በጣቶቹ መሀል አስገባች፤ ሁለቱም እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ ክንዱን ይዛ ወደ አዳራሹ መለሰችው። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያሳዩ፣ እናቲቱ እንዳላዩ እየሆኑ፣ ያ ጥርት ያለ ድምፅ አዳራሹን ሞልቶ ገና ስለ ምራታቸው ይናገር ነበር።